ሃያ አንድ ከመቶ

ጥቁር ሰሌዳ ላይ፣ በጎደሎ ጠመኔ፣
አየርን ለልጆች አካፈልኩኝ እኔ፤
ሰባ ስምንቱን እጅ ለናይትሮጅን ሰጠሁ፣
ሃያ አንዱን ኦክስጅን ብዬ አስቀመጥሁ፤
አንዲት ፍርፋሪ ናት ከመቶው የተረፈች፣
አርጎን ነው ብዙዋ፣ ሥራ ፈት ጋዝ ነች፣
ከማንም ሳትጣላ፣ ማንንም ሳታገባ፣
ትዞራለች ብቻ ከሳንባ ሳንባ።
"ሌላውስ?" ሲሉኝ፣ "ኢምንት" አልኩና
አቧራዬን አራግፌ ዞርኩኝ እንደገና።

ከመስኮቱ ሥር እጅ አወጣች አንዲት፣
ሳል የማይለቃት ልጅ፣ ይታይሽ አንሙት።
"ቲቸር፣ ጢሱስ?" አለች፣ "ስንት ነው ድርሻው?"
ክፍሉ በሳቅ ሞላ፤ ጠፋኝ መመለሻው።

አዲስ ቅዳም ነዋ! ፋግታ ለኮማ!
ዲከረንስ ያልወረሰው ጓሮ የት ይሰማ?
ገብስና ድንች የበቀለበት ሁሉ
ግንድ ነው ዛሬ፣ ቀጥ ብሎ እንደ ሰልፍ፣ በሙሉ።
በየካቲት ጠዋት ሜዳውን ሲሸፍን
ጉም ነው ብዬ ነበር፣ ስመጣ ከደጀን፤
የዓባይን ሸለቆ ጉም የለመደ ዓይኔ
ጢስ መሆኑን ያወቀው በሦስተኛ ቀኔ።

ቅዳሜ ማታ ሄድኩ አንሙት ወዳለበት፤
አዲስ መቃብር መሳይ ጉብታ ነው ፊት ለፊት፣
ሣር ለብሶ፣ አፈር ለብሶ፣ በጎኑ ቀዳዳ፣
ውስጡ የሚያቃጥል፣ ላዩ የማይጎዳ።
አራት ሌሊት አይተኛም፤ አካፋውን ይዞ
እንደ ምጥ ጠባቂ ይዞረዋል፣ ተክዞ።
"ይህ ነጩ ውኃው ነው" አለኝ እያሳየ፣
"ብጫው ሲመጣ ነው እንጨቱ የተለየ፤
ሰማያዊ ሲሆን፣ ሲቀጥን እንደ ክር፣
ያኔ ከሰል ሆኗል፤ ድፈነው፣ አታዳግር።
አየር ካበዛህለት አመድ ነው ትርፍህ፤
ከከለከልከው ደግሞ ይሞታል እሳትህ።
ምጥን ነው ነገሩ።"
                    ምጥን! እኔ በአሥር ዓመት
ያላብራራሁትን በአንዲት ቃል አሳየኝ፣ በጠቆረ ጣት።

ልነግረው አሰብኩ፦ ይህ ግንድ፣ ያንተ ሀብት፣
አፈር እኮ አይደለም አብዛኛው የመጣበት፤
አራት ዓመት ሙሉ ቅጠል እየሸመተ
ያችን "ኢምንት" ያልኳትን ከአየር ላይ ጎተተ፤
አሁን ግማሹ፣ በአራት ሌሊት ብቻ፣
ይመለሳል ተንኖ ወደ ሰማይ ዳርቻ፤
ቀሪው በአይሱዙ ነው፣ አዲስ አበባ ሄዶ
ይመለሳል ከሰው ቤት፣ ከምድጃ ነዶ።

አልነገርኩትም። ጆንያ ይሰፋ ነበር።
የይታይሽ ደብተር፣ የጣሪያው ቆርቆሮ፣
የትምህርት ቤታችን መዋጮ ዘንድሮ፣
ከዚህ ጉብታ ነው።
                    አንድ ጆንያ ሰጠኝ፤
"ለልጄ መምህር" አለ። ገንዘቤን መለሰልኝ።

ማክሰኞ ብርድ ነበር። ከሰሉን አያይዤ፣
ፈተና ላወጣ ተቀመጥኩ ወረቀት ይዤ፤
ጢስ የለው፣ ሽታ የለው፣ ፍም ብቻ፣ የቀላ፤
መጅ ሆነ ጭንቅላቴ፣ ጉልበቴም ላላ።
ካርቦን ሞኖክሳይድ! ስሙን አውቀዋለሁ፣
ለስንት ልጅ አስጽፌ ስንቱን ጥዬበታለሁ፤
ቤቴ ሲገባ ግን፣ ሳያንኳኳ በሩን፣
አላወቅሁትም፤ ዝም ብዬ አየሁ ፍሙን።

በሩን የገነጠለች አከራዬ ናት፣ ወይዘሮ አንጓች፤
ብብቴን ይዛ ጎትታ ግቢው ሣር ላይ ጣለች፤
"የተማረ ደንቆሮ!" እያለች።
በጀርባዬ ተኝቼ፣ አፌን እንደ ዓሣ ከፍቼ፣
ሃያ አንዱን ከመቶ ቆጠርኩት ተጎንጭቼ፤
የአንሙት ጢስ ነበረው፣ የጎረቤትም ጢስ፤
ምን ልዋሽ? እንደዚያ ጥሞኝ አያውቅም ነፋስ።

ፈተናው ደረሰ። "የአየርን ይዘት ጻፉ።"
የይታይሽ ሁለቱ ቁጥሮች አልተዛነፉ፤
ለቀረችው አንዷ ግን፣ በደቃቁ፣ በእርሳስ፣
"አርጎን" ብላ ጨምራለች፦ "የአባቴ ሌሊት፣ ጥቂት ጢስ።"

ቀዩን እስክሪብቶ ይዤ ብዙ ቆየሁ።
ትክክል አላልኩም። ስህተትም አልጻፍሁ።
መስኮቱን ከፈትኩት፤
ሳሏ ከሜዳው ይሰማል።
ዘጋሁት።
ከፈትኩት።